አባቴን ያነሳሁባት ካሴት

ባለፈው ወር ተማሪዎቼን ይዤ ቡሬ ላይ፣ የነቀምቱ መንገድ ከሚገነጠልበት ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ለልምምድ ወጥቼ ነበር። የማስተምረው ቪዲዮ ቀረጻ ነው፤ መልመጃዬም በየዓመቱ ያው ነው። አንድ ሥራ ላይ ያለ ሰው ፈልጉና ሥራውን በአምስት ምስል ንገሩኝ፣ አንድም ቃል እንዳትጨምሩ እላቸዋለሁ። ልጆቹ በባጃጅና በሚኒባስ መሃል ሲዟዟሩ ቆይተው አንድ ጎማ ጠጋኝ አገኙ፤ እኔ ደግሞ ፀሐዩ ስለከበደኝ ከእህል መጋዘኑ ጥላ ሥር ቆሜ፣ የበቆሎ ብናኝ አፍንጫዬን እየኮረኮረኝ፣ ጭንቅላቱን ቆረጣችሁት፣ ወደ ኋላ በሉ እያልኩ በሩቁ እጮህባቸዋለሁ። ጎማ ጠጋኙ አንድ አሮጌ ቸርኬ በገመድ ከግንድ ላይ ሰቀለና ዝገቱን ሊያራግፍ በብረት አንድ ጊዜ መታው።

ድምፁ አስፋልቱን ተሻግሮ እኔ ዘንድ ሲደርስ እግሬ ከእኔ ሳይማከር ተነሣ። አርባን ተሻግሬ፣ የሁለት ልጆች እናት ሆኜ፣ ደብተር በደረቴ አቅፌ ወደ ሰልፍ ልሮጥ ነበር። ሁለት እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ነው ወደ ልቤ የተመለስኩት፤ አንዷ ተማሪዬ አይታኝ ኖሮ ምን ሆኑ መምህርት ብትለኝ፣ አቧራ ገባብኝ ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ። አቧራው ለቡሬ ሰው ሁልጊዜም የሚታመን ምክንያት ነው።

ያንን ድምፅ የማውቀው ከፍኖተ ሰላም ነው። በተማርኩበት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ከበሩ በስተግራ፣ አንዲት ሽማግሌ ዋንዛ ነበረች፤ ከዋንዛዋ ቅርንጫፍ ላይ የጭነት መኪና ቸርኬ በሰንሰለት ተንጠልጥሏል፤ ከቸርኬው ሥር ደግሞ የተሰበረ የመኪና ባሌስትራ ብረት በእጃቸው ይዘው አባቴ ይቆማሉ። አባቴ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነበሩ፤ ደወሉም የእሳቸው ነበር። መግቢያው ረዘም ረዘም ያለ ሦስት ምት ነው፣ እረፍቱ ፈጠን ያለ፣ መውጫው ደግሞ አንድ ብቻ፣ ግን ክንዳቸውን እስከ ትከሻ ወስደው የሚያሳርፉት፤ ያ የመውጫ ምት ካረፈ በኋላ ብረቱ ለረጅም ጊዜ እያጉረመረመ ይቆያል። ከተማው በዚያ ድምፅ ነበር የሚተዳደረው። ሴቶቹ ሽሯቸውን ከምድጃ ያወርዱበታል፣ ባለጋሪዎቹ ተሳፋሪ ፍለጋ ፈረሳቸውን ወደ እኛ በር ያዞሩበታል፣ ማንጎ ሻጮቹም ቅርጫታቸውን ያሰናዱበታል። አባቴ አንድ ቀን ቢሳሳቱ ግማሹ ከተማ ምሳውን ጥሬ ይበላ ነበር ብዬ አምናለሁ።

እኔ ግን አፍርባቸው ነበር። ይህንን ሳልሸፋፍን መጻፍ አለብኝ። ከቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም በኩል ወጣት ሆነው የመጡ፣ ፊደል በማታ ትምህርት የቆጠሩ፣ ክረምት ከበጋ አንድ የወታደር ካፖርት የሚለብሱ ሰው ነበሩ፤ የሰፈራችን ልጆችም እኔን የደወል ልጅ ይሉኝ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ሕይወት የምትባል ልጅ አባቷ በሥራ ተዛውሮ ከባሕር ዳር መጣች፤ ጫማዋ ነጭ፣ አነጋገሯ ለስላሳ፣ እኔን ደግሞ ከሁሉ መርጣ አጠገቧ ያስቀመጠችኝ። አንድ ቀን ጠዋት በበሩ ስናልፍ ያንን ሽማግሌ ታውቂያቸዋለሽ ወይ አለችኝ። የሰፈራችን ሰው ናቸው አልኳት። አባቴ የበሩን መዝጊያ ይዘው ቆመው ነበር፤ ከሁለት ክንድ አይርቁም። መስማታቸውን ያወቅሁት በማግስቱ ነው። ሌላ ጊዜ በበሩ ሳልፍ ስንዱዬ ይሉኝ የነበሩት ሰው፣ ልክ እንደ ሌላው ተማሪ፣ ግቢ፣ ረፍዷል አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት ውስጥ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። ውሸቴን ተሸከሙልኝ፣ ቤት ስንገባ ግን ያው አባዬ ነበሩ፤ አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም።

ቴሌቪዥን ወደ ሕይወቴ የገባው በመምህር ታምራት በኩል ነው። ከደሴ ተመድቦ የመጣ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ ያኔ አንቱ እንለው ነበር፣ አሁን ግን በዚያን ጊዜው ዕድሜው ከእኔ ተማሪዎች እምብዛም ስለማይበልጥ አንተ ማለት መብቴ ነው። አዲስ አበባ ላይ የጥቂት ሳምንት የቴሌቪዥን ሥልጠና ወስዶ የተመለሰ ሰሞን የሚኒ ሚዲያ ክበቡን ተረከበና፣ ከእንግዲህ የልደት ቀንና የእግር ኳስ ውጤት በድምፅ ማጉያ ማንበብ በቃን፣ ምስል እንማራለን አለን። ካሜራ አልነበረንም። እሱ ግን ከሳሙና ካርቶን ላይ አራት ማዕዘን መስኮት እየቆረጠ ለእያንዳንዳችን አደለን፤ በእሷ ቀዳዳ ዓለምን ስናይ አንድ ዓመት ተኩል ከረምን። ዓይናችን አጠገብ ስናስጠጋት ብዙ ታሳያለች፣ ክንዳችንን ዘርግተን ስናርቃት ትንሽ ታሳያለች፤ ዙም ማለት ይኸው ነው፣ ባትሪ አይበላም ይል ነበር።

ትምህርቱን የሚያስረዳበት ዘዴ ዛሬም ከእኔ መጻሕፍት ሁሉ ይበልጥብኛል። ሎንግ ሾት የሩቅ ዘመድ ነው፣ የት እንደሚኖር ብቻ ታውቃላችሁ፤ ሚድየም ሾት ጎረቤት ነው፣ በአጥር ላይ እስከ ወገቡ ታዩታላችሁ፤ ክሎዝ አፕ ግን የንስሐ አባት ነው፣ ሳትጠሩት ገብቶ እንባችሁን ያያል፣ ስለዚህ በየደቂቃው አይጠራም ይለናል። ከሚናገር ሰው ፊት ለፊት ቦታ ተዉ፣ ሰው አፍንጫውን ግድግዳ አስነክቶ አያስብም ይለናል። የቡሬ ገበያተኛ ወደ ግራ መሄድ ከጀመረ እስኪደርስ ወደ ግራ ይሂድ፤ መንገዱን ተሻግራችሁ ከማዶ ካነሳችሁት ሳይሸጥ የተመለሰ ይመስላል፣ ከዚያ ሚስቱ ምን ትለዋለች ብሎ ይጠይቀናል። ከሁሉ አጥብቆ የሚነግረን ግን አንድ ነገር ነበር። ነገሩ ከመጀመሩ በፊት አምስት ቁጠሩ፣ ካለቀ በኋላም አምስት ቁጠሩ፤ ምስል እንደ ሰው ነው፣ ሲገባም ሲወጣም ሰላምታ ይፈልጋል።

ካርቶኗን ቤት ወስጄ አባቴን አሳየኋቸው። እጃቸውን ታጥበው፣ እንደ ዕቃ ቤት መስኮት ጎንበስ ብለው አጮለቁባትና ከምድጃው አጠገብ የተቀመጠችውን እናቴን ተመለከቱ። እግሯን የት አደረግሽው አሉኝ። ክሎዝ አፕ ስለሆነ ነው አባዬ፣ ፊት ብቻ ነው የሚታየው ብላቸው ቅር አላቸው። «ኸረ ተይ! ሰው ሙሉውን ካልታየ ምኑን ታየ? ለኔ ጊዜ እግሬን እንዳትቆርጭብኝ» አሉ። በዚያን ጊዜ አገር ቤት ፎቶ የሚነሳ ሰው ሁሉ ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው ቀጥ ብሎ ካልቆመ ፎቶ ተነሣሁ አይልም፤ ጫማ የገዛ ሰውማ ጫማውን ትቶ ፊቱን ብታነሳው ያጣላል።

አሥረኛ ክፍል ስንደርስ፣ ሚያዝያ ላይ ይመስለኛል፣ አባቴ በሰኔ ጡረታ እንደሚወጡ ተነገረ። የትምህርት መዝጊያው ዕለት ሽኝት ይደረግላቸዋል፤ ጋቢና ከዘራ ይሰጣቸዋል፤ ርዕሰ መምህሩ ንግግር ያደርጋሉ። በዚያው ሰሞን መምህር ታምራት ከአንድ መሥሪያ ቤት ለአንድ ቀን ካሜራ ለመነልንና፣ የክበቡ የመጀመሪያ ፊልም ስለምን ይሁን ብሎ ጠየቀን። አንዱ ስለ ላህ ወንዝ አለ፣ ሌላው ስለ ማንጎ አለ። እኔ እጄን አወጣሁና ስለ ደወሉ አልኩ። የአንድ ቀን ደወል፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ በሽኝታቸው ዕለት በአዳራሹ ይታይ አልኩ። አባቴ ናቸው ግን አላልኩም። አፌ ያልቻለውን ነገር ካሜራው ይልልኛል ብዬ ነበር፤ ሰው ሁሉ አባቴን ትልቅ ሆነው ያያቸዋል፣ እሳቸውም ማን እንዳነሳቸው ያውቃሉ፣ ያቺ በበሩ ላይ የተናገርኳት ቃል ትሰረይልኛለች። ከዚህ ሌላ ምንም አልፈለግሁም። ሐሳቡ የኔ ስለሆነ ካሜራዋን የምይዘውም እኔ እንድሆን ተወሰነ፣ ሕይወት ደግሞ ጥያቄ እንድትጠይቅ።

ካሜራዋ በአንድ እጅ የምትያዝ፣ ትንሽ ካሴት የምትበላ ናት። ካሴቱ አንድ ነው። ቆርጦ መቀጠያ መሣሪያ በከተማው ስለሌለ፣ የምናነሳው በቅደም ተከተል ነው፤ የመጀመሪያው መጀመሪያ፣ የመጨረሻው መጨረሻ፣ ያው ፊልሙ ነው። የምትቀዳበት ቁልፍ አንዲት ብቻ ናት፤ አንዴ ስትጫኛት ትጀምራለች፣ ደግመሽ ስትጫኛት ታቆማለች። ስትቀዳ ከፊቷ ቀይ መብራት ትበራለች፤ ታዲያ የኛ ሰው ቀይ መብራቷን ሲያይ ፎቶ የሚነሳ እየመሰለው እስትንፋሱን ይዞ ቀጥ ስለሚል፣ መምህር ታምራት ከመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥኑ ፕላስተር ቆርጦ ለጠፈባት። ብልሃቱ ጥሩ ነበር። በዓይኔ የማይባት የመስኮቷ ጥግ አርጅቶ ስለጠቆረ ግን እየቀዳች መሆኗን የሚናገረው ጽሑፍ ለእኔም አይታይም ነበር፤ ይህንን ማንም አላሰበበትም።

ከዚያ ሁሉ የከበደኝ አባቴን ማዘዝ ነው። ዳይሬክተር ሂድ፣ ቁም፣ ተመለስ ይላል፤ በጎጃም ግን ሴት ልጅ አባቷን ሂዱ ልትላቸው ነው? ስለዚህ ትእዛዜን ሁሉ ለሌላ ሰው እየሰጠሁ ተናገርኩ። «አባዬ» ማለትም በግቢው ውስጥ ስለማይቻለኝ አየር ላይ አይቼ፣ «እንግዲህ ሰው ከዋንዛዋ ሥር ተነሥቶ ወደ በሩ ቢሄድ ያምራል ይላሉ» አልኩ።

«ማናቸው የሚሉት?» አሉ አባቴ።

«መምህር ናቸው።»

«እሳቸው ካሉማ እንሂድ እንጂ» አሉና ካፖርታቸውን ቆልፈው፣ ታቦት የሚያጅቡ ይመስል በዝግታ ተራመዱ። ሕይወት ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። እኔ ደግሞ ያቺን የመጀመሪያ ሎንግ ሾት ያዝኩ፤ ዋንዛዋ፣ ቸርኬው፣ ግቢው፣ በግቢው መሃል ትንሽ ሆነው የሚሄዱት አባቴ። ምስሉ ደግ ነበር።

እርምጃቸው በሩ ላይ ሳያልቅ የንስሐ አባታችን ቄስ ይርጋ ከውጭ ገቡ። እኔ ምን ላድርግ? ካሜራ ይዣለሁ ተብሎ መስቀል ሳይሳለሙ አይቀርም። እየቀዳሁ እንዳለሁ በግራ እጄ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ጎንበስ ብዬ ቀረብኩና ግንባሬንም ከንፈሬንም አስነካሁ። ጎንበስ ስል ካሜራዋን ወደ ደረቴ አጥብቄያት ኖሯል፤ አውራ ጣቴ ቁልፏን ተጫነች። እኔ አልሰማሁም። ካሜራዋ ቆማለች፣ እኔ ግን እየቀዳች ይመስለኛል፤ ስለዚህ ከመስቀሉ ቀና ብዬ ዘወር ስል ላቆማት ብዬ ተጫንኳት። በዚህ ጊዜ ጀመረች። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ ድረስ ያ ነገር ተገልብጦ ዋለ፤ ጀመርኩ ስል አቆማለሁ፣ አቆምኩ ስል እጀምራለሁ። በደወልና በደወል መሃል ባትሪ እንዳያልቅ እናጠፋታለን፤ ስናበራት ግን በነበረችበት ትቀጥላለች።

ሳላውቀው ምን ያህል በከንቱ ለፋሁ! በእረፍት ሰዓት አባቴ ባሌስትራውን ሲያነሱ ጀመርኩ፣ አምስት ቆጠርኩ፣ መቱ፣ ብረቱ ጮኸ፣ ተማሪው እንደ ጎርፍ ፈሰሰ፣ አምስት ቆጠርኩ፣ አቆምኩ። ልቤ ስላልረካ መምህር ታምራትን ይድገሙት እንዲላቸው ለመንኩት፤ አባቴ ግን ይህንን ብቻ እምቢ አሉ። «አይሆንም ጌታዬ። ደወል በውሸት አይመታም። ይኸን ሰምቶ የሚነሣ ሰው አለ» አሉ። ስለዚህ እያንዳንዱን ምት አንዴ ብቻ፣ በእውነተኛ ሰዓቱ፣ ማንሳት ነበረብን። ሕይወትም ጥያቄዋን ጠየቀች። ሰዓት ሳያስሩ ሰዓቱን በምን ያውቃሉ አለቻቸው፤ በባንዲራው ዘንግ ጥላ ነው አሉ። ፀሐይ በሌለበት በክረምትስ አለቻቸው፤ ክረምትማ ትምህርት ቤት ዝግ ነው ልጄ አሉ፣ ሁላችንም ሳቅን። ለእሳቸው ስል መሬት ላይ ተንበርክኬ ነበር ያነሳሁት፤ ከላይ ወደ ታች የተነሳ ሰው ያንሳል፣ ከታች ወደ ላይ የተነሳ ይገዝፋል ብሎ መምህሩ አስተምሮናልና። ከጀርባቸው ሰማዩ ብቻ ነበር፣ ካፖርታቸውም የጄኔራል ይመስል ነበር። ያንን ምስል ከእኔ በቀር ያየው የለም።

የመጨረሻው የመውጫው ምት ነበር፤ ሕይወት ጥያቄዋን ጨርሳ ወደ ክፍል ተመልሳለች፤ እሱን በክሎዝ አፕ ልይዘው አስቤ ወደ እጃቸው ተጠጋሁ። ያ አንድ ትልቅ ምት። ጀመርኩ፣ አምስት ቆጠርኩ፣ ክንዳቸው ሄዶ መጣ፣ ብረቱ አስተጋባ፤ ከዚያ አምስት መቁጠር ሲገባኝ፣ የስድስተኛ ክፍል ልጆች እየጮኹ ካሜራዋን ሊነኩ ወደ እኔ ሲሮጡ አየሁና በሁለት ላይ ተጫንኩ። በኋላ ደግሞ ልጆቹን ላባርር ስል እንደገና ተጫንኩ መሰለኝ። ባትሪውም በዚያው አለቀ፤ ካሜራዋ በዕለቱ ለባለቤቱ ተመለሰች፤ እኛ ካሴታችንን በጨርቅ ጠቅልለን የመዝጊያውን ቀን ጠበቅን። ምን እንዳለባት ያየ አልነበረም።

የሽኝቱ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። መስኮቶቹ በካርቶን ተደፈኑ፣ ከርዕሰ መምህሩ ቤት ቴሌቪዥን መጣ፣ ካሜራዋ ተመልሳ በሽቦ ተያያዘች። አባቴ አዲሱን ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው፣ ከፊት ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ዋንዛዋ ታየች፣ አባቴ ሲራመዱ ታየ፣ ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ምስሉ ዘለለና ሣር ሆነ። ሣር፣ ቀጥሎ የኔ ጫማ፣ ቀጥሎ የቄስ ይርጋ ቀሚስ ጫፍ፣ አንዲት ዶሮ፣ እንደገና ሣር። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መምህር ታምራት ፊቱ አመድ መሰለ፤ እኔ ደግሞ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። ሣሩ ላይ ግን ድምፅ ነበረበት። ቄስ ይርጋ አባቴን ሲጠይቁ ይሰማል፤

«ምንድን ነው ታገለ ይኸ ነገር?»

«ካሜራ ይሉታል አባ። ልጄ ናት፤ እኔን ልታነሳ ነው።»

«አንተን? ምን ሠርተህ?»

«እንጃ አባ። ደወል መትቼ ይሆናላ።»

ሳቁ ቀነሰ። ካሴቷ ቀጠለች። እኔ ጀመርኩ ባልኩባቸው ሰዓታት የተነሣ አንድም ነገር የለም፤ አቆምኩ ባልኩባቸው ሰዓታት የሆነው ግን ሁሉም አለ። ካሜራዋ ከእጄ ላይ ተንጠልጥላ ስትወዛወዝ ያየችው የአባቴ ጫማ፣ ድንጋይ ላይ ሳስቀምጣት በጎን ያየቻቸው አባቴ፣ ካፖርታቸውን ሲያራግፉ፣ ቀና ብለው ጥላውን ሲያዩ፣ ማንም የማያያቸው መስሏቸው ከቸርኬው ላይ የወፍ ኩስ በእጅጌያቸው ሲጠርጉ። ድምፃቸውም አለ። ይከብድሽ ይሆን፣ አምጭው ልያዝልሽ ይላሉ። ምሳ ሳትበይ ዋልሽ እኮ ይላሉ። አንዴ ደግሞ ቀስ ብለው፣ ሰው እንዳይሰማ፣ ስንዱዬ ይላሉ፤ በዚያ ግቢ ውስጥ ዓመት ሙሉ ያልጠሩኝን ስም። በመጨረሻም ሁሉ ጠቆረና የኔው ድምፅ፣ ከአዳራሹ ጥግ እስከ ጥግ፣ አባዬ ሲል ተሰማ።

ሕይወት ዘወር ብላ አየችኝ። አባትሽ ናቸው እንዴ አለች፣ ለስላሳ ድምፅዋ ተሰብሮ። አዎ፣ አባቴ ናቸው አልኳትና ከአጠገቧ ተነሥቼ፣ ሰው እየረገጥሁ፣ ወደ ፊት ሄጄ ከእሳቸው እግር ሥር መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ፊልሙ ተበላሸ አባዬ፣ ምንም አልያዝኩም አልኳቸው፣ እንባዬ ይወርድ ነበር። እሳቸው አዲሱን ጋቢ ገለጥ አድርገው በጫፉ ፊቴን ጠረጉና፣ በዚያ ግቢ ለረጅም ጊዜ ሳልሰማው በቆየሁት የቤት የጨዋታ ድምፃቸው፣ «ምን ተበላሸ ትያለሽ? እግሬን እንደሆን አልቆረጥሽብኝ» አሉኝ።

በዓመቱ ትምህርት ቤቱ የኤሌክትሪክ ደወል አስገባ። ቸርኬው ከዋንዛዋ ወረደ፤ የት እንደገባ ብጠይቅ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ዋንዛዋንም ለአዲስ ሕንፃ ብለው ቆረጧት። መምህር ታምራት ተዛውሮ ሄደ፤ ሕይወትም ከአባቷ ጋር ተመለሰች። አባቴ ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ዓመት ኖሩ፣ እኔም በሄድኩበት ሁሉ ካሜራ ስሸከም አዩ፤ ስንቱን ሰርግ፣ ስንቱን ስብሰባ፣ ስንቱን የማላውቀውን ሰው ፊት በክሎዝ አፕ እያነሳሁ፣ እሳቸውን ዳግመኛ አላነሳኋቸውም። ነገ አነሳቸዋለሁ እል ነበር፤ ሞኝ ነበርኩ። ከአረፉ በኋላ ነው ካሴቷን ፈልጌ ወደ ኮምፒውተር ያስገባኋት። ርዝመቷ ሃያ ደቂቃ አትሞላም፣ አብዛኛው ሣር ነው። ደወሉ የለበትም። ያ ከተማውን ሁሉ የሚያነሣ ምት አንድ ጊዜም የለበትም። ያለው፣ በሁለት ላይ ስለተጫንኩ፣ የመጨረሻው ምት ጅራት ብቻ ነው፤ ብረቱ እያጉረመረመ ሲጠፋ። የመምህሬን ትእዛዝ አክብሬ አምስት ቆጥሬ ቢሆን ኖሮ እሱንም አላገኘውም ነበር።

ከቡሬ በተመለስኩ በማግስቱ የተማሪዎቼን ሥራ ከፈትኩና የጎማ ጠጋኙን ምት አገኘሁ። ንጹሕ ቅጂ ነው። ቆረጥኩትና ከአባቴ ጅራት ፊት አስቀመጥኩት፤ ድምፁን ትንሽ ዝቅ፣ ትንሽ ወፈር አደረግሁት፣ ጫፉንና ጫፉን አለሳልሼ አገናኘሁ። እጄ ሙያውን ያውቃል፤ መጋጠሚያውን የሚለይ ሰው አልነበረም። አንድ ጊዜ ሰማሁት፤ ልቤ ዘለለ። ሁለተኛ ስሰማው ግን ክንዱ የማን እንደሆነ ታወቀኝ። ስለ አባቴ አንዴ ዋሽቻለሁ። ደወል ደግሞ በውሸት አይመታም። አጠፋሁት።

በቦታው አምስት ሰከንድ ጥቁር ብቻ ተውኩ። ልጆቼ እቤት ሳይኖሩ አንዳንዴ እከፍታታለሁ። ጥቁሩ ላይ አምስት እቆጥራለሁ፤ ምቱን በጆሮዬ ውስጥ ራሴ እመታዋለሁ። ከዚያ የብረቱ ጉርምርምታ ይመጣል፣ ይሳሳል፣ የልጆች ጩኸት ይሸፍነዋል፤ ከጩኸቱ መሃልም አባቴ ድካም በተጫነው ድምፃቸው፣

«ያዝሽው?» ብለው ይጠይቃሉ።

አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅም፣ ስለ ምንም ነገር ሳትጠራጠር፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ እስኪሰማት ጮክ ብላ፣

«ያዝኩት አባዬ!» ትላለች።